ክርክር፦ የአሮጌው ምድር ባቡር ሐዲድ ይነሳ ወይስ ለእግረኛ ይቆይ?

አወያዩ፦
ይህ ነገር ሰሞኑን በጓደኞቼ መካከል ኩርፊያ ሊያስነሳ ምንም አልቀረው። እዚህ ላውጣው። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የሚሄደው አሮጌው ምድር ባቡር 784 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ፈቃዱን አጼ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ ሰጡ። ባቡሩ በ1895 ድሬዳዋ ደረሰ። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። በ2009 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር የራሱ ሐዲድ አለው፤ አሮጌውን አልፈለገውም። አሮጌው ብዙ ቦታ ላይ ሣር ውጦት ተኝቷል።

ጥያቄው ይኸው፦ ሐዲዱ ባለበት ቆይቶ በእግር የሚጎበኝ መንገድ ይሁን? ወይስ ብረቱ ተነስቶ መሬቱ ለሌላ ጥቅም ይዋል? ስድብ ክልክል ነው። ፖለቲካም በልኩ።

ጫማ ይበቃኛል፦
እኔ ለእግረኛ ይሁን ባይ ነኝ። ናፍቆት ይዞኝ አይደለም፤ ባቡሩ በሚሠራበት ዘመን አንድም ቀን አልተሳፈርኩበትም። ግን ሐዲድ ተከትሎ እንደመሄድ ያለ የእግር ጉዞ አላውቅም። ባቡር ገደል የሚያህል ዳገት አይወጣም። ስለዚህ መስመሩን የቀየሱት ሰዎች ተራራውን ዞሩት፣ ጉብታውን ቆረጡት፣ ጎድጓዳውን ሞሉት። አዲስ አበባ ላይ ከ2,300 ሜትር በላይ የነበረው ከፍታ አዋሽ ላይ ወደ 900 ሜትር ገደማ ሲወርድ ጉልበትህ ብዙም አያውቀውም።

ሌላው ጥቅም ጣቢያዎቹ ናቸው። የእንፋሎት ባቡር ውሃ ይፈልጋል። ነጠላ ሐዲድ ላይ ደግሞ ባቡሮች የሚተላለፉበት ቦታ የግድ ነው። ለዚህ ሲባል ትንንሽ ጣቢያዎች በየመሃሉ ተሠርተዋል። ለእግረኛ ታስቦ ቢሆን ኖሮ ከዚህ የተሻለ አይሆንም ነበር። ሞጆና አዳማ ሄዳችሁ አሮጌውን ጣቢያ ፈልጉት። ከተማው ለምን እዚያ ቦታ ላይ እንዳደገ ወዲያው ይገባችኋል። አስፋልት ዳር ብትሄዱ የምታዩት የሲኖትራክ ጎማ ብቻ ነው።

መሬት ቆጣሪው፦
ንግግሩ ያምራል። ግን "መስመር" የምትለው የት አለ? ከተማ ውስጥ አስፋልት ስር የገባ አለ፣ አጥር ውስጥ የገባ አለ፣ ሱቅ የተሠራበት አለ። ገጠሩ ላይ ብረቱ በሌሊት እየተፈታ ለቁራሌው ይሸጣል። ለማይመጣ ቱሪስት ተብሎ ይህን ያህል መሬት ይቀመጥ? ሥራ ያጣው ወጣት ስንት ነው! ብረቱ በሥርዓት ተነስቶ ይቅለጥ፤ ገንዘቡም ይታወቅ። ጥቂት ሜትር ለማስታወሻ ይተው። የለገሃር ጣቢያ ሕንጻም አለ። በቂ ነው።

የከዚራ ልጅ፦
ለገሃር በቂ ነው? የአዲስ አበባ ሰው ሁሌም እንዲህ ነው የሚያስበው። የለገሃሩ ሕንጻ የተመረቀው በ1922 ነው። ባቡሩ ድሬዳዋ ከገባ ከ25 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ማለት ነው።

ድሬን የወለዳት ሐዲዱ ነው። ሐረር ይወጣል ተብሎ ተራራው ስላስቸገረ ሜዳው ላይ ቀረ። መጀመሪያ ስሟም አዲስ ሐረር ነበር። ከዚራ ሰፈር ውስጥ የምታዩአቸው ቀጥ ያሉ ጎዳናዎች፣ በግራና ቀኝ ጥላ የሚጥሉት ዛፎች፣ ሰፋፊ በረንዳ ያላቸው ቤቶች የባቡር ኩባንያው ዘመን ውጤት ናቸው። ወርክሾፑ ውስጥ አሮጌ ሎኮሞቲቮችና ማሽኖች አሉ። ከጣቢያው ተነስተህ፣ ወርክሾፑን አይተህ፣ የደቻቱን ወንዝ ተሻግረህ መጋላ ሰፈር ብትገባ ግማሽ ቀን አይፈጅብህም። ለዚህ አዲስ ግንባታ ምን ያደርጋል? በሩን በሰዓቱ የሚከፍት ሰው ከተገኘ ያልቃል።

መሬት ቆጣሪው፦
ድሬ ልዩ ናት፤ አልከራከርም። እኔ የማወራው ስለ 784ቱ ኪሎ ሜትር ነው።

ሲቪል መሐንዲስ፦
ሁለታችሁም ሐዲዱን ነው የምታዩት። ዋጋ ያለው ግን ከስሩ ያለው ነገር ነው። የተቆረጠው ተራራ፣ የተሞላው አፈር፣ የውሃ ማሳለፊያው፣ ድልድዩ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሳይቆራረጥ መቀጠሉ። አንዴ መሃሉ ላይ ከተቆረጠ ሁለቱ ጫፎች ትርጉም የላቸውም።

እንግሊዞች ይህን በገንዘባቸው ተምረውታል። እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣውን፣ ብዙ የባቡር መስመር ይዘጋ ያለውን የቢችንግ ሪፖርት ተከትሎ ብዙ መስመር ዘጉ፤ መሬቱንም በየቁራጩ ሸጡ። ከኤዲንብራ ወደ ደቡብ የሚሄደውን መስመር በ1969 ዘግተው ከፊሉን በ2015 መልሰው ሲከፍቱት መሬት እንደገና መግዛትና ድልድይ እንደገና መሥራት ነበረባቸው። አሜሪካኖች ደግሞ በ1983 ሕግ አወጡ። ባቡር የቆመበት መስመር ለእግረኛና ለብስክሌት ይዋላል፤ አንድ ቀን ባቡር ካስፈለገ ይመለሳል። እግረኛው ቦታ ጠባቂ ነው ማለት ነው። ለመንግሥት ከዚህ የረከሰ ጥበቃ የለም።

መሬት ቆጣሪው፦
መሐንዲስ፣ ምሳሌህ እኛ አገር አይሠራም። እዚህ መሬት አይሸጥም፤ የመንግሥትና የሕዝብ ነው። መስመሩን የሚቆርጠው ሽያጭ አይደለም። አንዱ ሊዝ ነው፣ ሌላው ጨረቃ ቤት ነው። ሊዙን የሚፈርመው ደግሞ ከተማው ራሱ ነው። በአንድ እጁ "ቅርስ ነው" ብሎ ታፔላ ይሰቅላል፣ በሌላው ካርታ ይሰጣል። እና እግረኛህ ምን ሊያስቆም ነው?

ሲቪል መሐንዲስ፦
ይህኛው ጥሩ ነጥብ ነው። ግን ያንተን ሐሳብ ሳይሆን የኔን ነው የሚያግዘው። የመሬቱ ባለቤት አንድ ከሆነ መስመሩን በፕላን ላይ ማስመር ከእንግሊዝ ይልቅ እዚህ ይቀላል። ካሳ የሚጠይቅ ሺህ ባለመሬት የለም።

የጡረተኛ ልጅ፦
"ካሳ የሚጠይቅ የለም" ያልከው ደሜን አፈላው። አባቴ ምድር ባቡር ነው ያረጀው። ሐዲድ ዳር የሚኖሩ ስንት የሠራተኛ ቤተሰቦች አሉ! ባቡሩ ሲቆም ሥራውም፣ ሰፈሩም፣ ኑሮውም አብሮ ቆመ። አሁን ደግሞ "ለእግረኛ መንገድ ተነሱ" ሊባሉ ነው? በቅርስ ስም የሚፈርሰው የድሃ ቤት መሆኑን ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

ብረቱ ይነሳ የምትሉትም ቀስ በሉ። የኔ ጭንቀት ሌላ ነው። ይህን መስመር የሚያውቁት ሰዎች እያለቁ ነው። በሚያዝያ 1928 ጃንሆይ በዚህ ሐዲድ ወጥተው ተሰደዱ፤ እሱ በየመጽሐፉ አለ። የድሬ ሴቶች ጨርቅና ሽቶ እየደበቁ ከፍተሻ ጋር ሲታገሉ የኖሩበትን ኑሮ ግን ስንቱ ጻፈው? በጥር 1977 አዋሽ አጠገብ ባቡሩ ድልድዩ ላይ ሐዲድ ስቶ ገደል ገብቶ ከ400 በላይ ሰው አልቋል። ከአፍሪካ የባቡር አደጋዎች ሁሉ የከፋው ከሚባሉት አንዱ ነው። በዚያ በኩል በእግር የሚያልፍ ጎብኚ ምን ይነገረዋል? ዝም ብሎ ፎቶ አንስቶ ይለፍ? መጀመሪያ መቅረጫ ይዛችሁ ጡረተኞቹን አናግሩ። መንገዱ ይደርሳል።

አስጎብኚዋ፦
ወንድሜ፣ ከልቤ እስማማለሁ። ግን "መጀመሪያ ይህ፣ ቀጥሎ ያ" ከተባለ ሁለቱም አይሆንም። ጡረተኛው የሚያወራው ሰሚ ሲመጣለት ነው፣ ሰሚው የሚመጣው ደግሞ የሚሄድበት ነገር ሲኖር። ጡረተኞቹ ራሳቸው አስጎብኚ ይሁኑ፤ ይከፈላቸው። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ባስተረጉም ደስ ይለኛል።

አስመራ የሆነውን አስታውሱ። የምጽዋ–አስመራ ሐዲድ በጦርነቱ ጊዜ ተነቃቅሎ ምሽግ ተሠርቶበት ነበር። ከነጻነት በኋላ መልሰው የዘረጉት ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ባቡረኞች ናቸው። ብረቱን ከየምሽጉ ለቅመው፣ እ.ኤ.አ. በ2003 አስመራ ድረስ አገናኙት። ብረቱ ቀልጦ ቢሆን ኖሮ ከየት ይለቅሙት ነበር? ሽማግሌዎቹ ባይኖሩስ?

ስፔኖችም እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ የተዘጉ መስመሮቻቸውን የእግርና የብስክሌት መንገድ አድርገዋል። አንዳንዱን ጣቢያ ቡና መጠጫና ማደሪያ አድርገውታል። እኛ አዋሽ ላይ ከጣቢያው ጎን የድሮ የባቡር ሆቴል አለን። አዲስ ነገር መፍጠር አይጠበቅብንም።

ከአዋሽ ወዲያ፦
ስታወሩ ሳነብ ቆይቼ ገረመኝ። "ለእግረኛ ይከፈት" ትላላችሁ። ማን ዘጋው? እዚህ ሐዲዱ መንገድ ነው። ከብት ይነዳበታል፣ ግመል ይጓዝበታል፣ ውሃ የሚቀዱ ሴቶች ይሄዱበታል። በክረምት ሌላው ቦታ ጭቃ ሲሆን የሐዲዱ ጉብታ ደረቅ ነው። ለእናንተ "የተተወ መስመር" ነው፤ ለኛ ግን ሰው የማይጠፋበት ጎዳና ነው።

ስለዚህ ታጥሮ ትኬት የሚቆረጥበት ከሆነ አንፈልግም። ብረቱ ተነስቶ ጉብታው በዶዘር የሚናድ ከሆነም አንፈልግም። ይህን ሁለቱንም ወገን ልጠይቅ ነው የገባሁት፤ ከዚህ በፊት የጠየቀን የለም።

ሙቀቱንም አትርሱ። በአዋሽ ፓርክ አካባቢ ደግሞ አውሬ አለ። ያለ ስካውት (የፓርክ ጠባቂ) ብቻውን የሚገባ እንግዳ ጀግና አይባልም።

ጫማ ይበቃኛል፦
ይህ ሐሳብ አእምሮዬን ቀየረው ማለት ይቻላል። ትኬትና አጥር የሚባለውን እኔም አልወድም። ምልክት፣ ውሃ የሚገኝበትን የሚናገር ካርታ፣ በየጣቢያው የሚያውቅ ሰው። ከዚያ በላይ አያስፈልግም።

የድሮ ተሳፋሪ፦
ልጆቼ፣ ሁላችሁም ባቡሩ እንደሞተ አድርጋችሁ ነው የምታወሩት። እኔ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ ሌሊቱን ሙሉ ተቀምጬ ስንት ጊዜ ሄጃለሁ። ይዘገያል፣ ይቆማል፣ ያም ሆኖ ያደርሳል። ለምን ቢያንስ አንድ አጭር መስመር ላይ አንድ ባቡር አይሄድም? በእግር መሄድማ ለወጣት ነው። እኔ በየትኛው ጉልበቴ?

ሲቪል መሐንዲስ፦
አባቴ፣ ጥያቄዎ ትክክል ነው፤ ብቻ ከባድ ነው። የአሮጌው ሐዲድ ስፋት አንድ ሜትር ነው። የአዲሱ 1.435 ሜትር ነው። የአንዱ ባቡር በሌላው ላይ አይሄድም። ስለዚህ ለአሮጌው የሚሆን ባቡር፣ መለዋወጫና ባለሙያ ለብቻው ያስፈልጋል። ድሬዳዋ ላይ ከወርክሾፑ አጠገብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ለማስኬድ ግን የሚከለክል የምህንድስና ሕግ የለም። እርስዎም ቁጭ ብለው ይሄዳሉ።

የከዚራ ልጅ፦
ጋሼ፣ ያን ቀን ድሬ ይምጡ፤ ማረፊያው በኔ።

መሬት ቆጣሪው፦
እሺ፣ አቋሜን ላስተካክል። ከተማ ውስጥ የተቆረጠውን ለማስመለስ ቤት አይፍረስ፤ በዚህ ከጡረተኛው ልጅ ጋር ነኝ። ገጠር ያለው ጉብታ አይነካ፤ በዚህም ከአዋሽ ወዲያ ካለው ሰው ጋር ነኝ። ብረቱን ግን አሁንም አልለቅም። ጠባቂ የሌለው ብረት ነገ የሌባ ነው። ወይ በሥርዓት ይነሳ፣ ወይ ጠባቂ ይቀጠርለት። "ቅርስ ነው" ብሎ ሜዳ ላይ ጥሎ መሄድ ሦስተኛ ምርጫ አይደለም።

ደግሞም የሐዲዱ ብረት ለእግረኛ ራሱ አይመችም። አግድም የተጋደሙት ብረቶች ለአንድ እርምጃ ይቀርባሉ፣ ለሁለት ይርቃሉ። የሞከረ ያውቀዋል።

ጫማ ይበቃኛል፦
ጎን ለጎን ነዋ የሚኬደው! ብረቱ ከተነሳ ግን ከአንድ ክረምት በኋላ ማንም ተራ የከብት መንገድ ነው የሚለው። ብረቱን ያየ ልጅ "ይህ ምንድን ነው?" ብሎ ይጠይቃል።

አወያዩ፦
ክርክሩ ቢያንስ ጠበበ። ቤት እንዳይፈርስና ጉብታው እንዳይናድ ብዙዎቻችሁ ተስማምታችኋል። የቀረው ብረቱ ነው።

ሲቪል መሐንዲስ፦
ድልድዮቹም ቀርተዋል እንጂ! ደጋግሜ ላነሳው ፈልጌ ወሬው አለፈኝ። የባቡር ድልድይ ለእግረኛ አልተሠራም። መደገፊያ የለውም፣ መሃሉ ክፍት ነው፣ ብረቱም ለዓመታት አልተፈተሸም። አንድ ሰው ቢወድቅ ተጠያቂው ማነው? የቱሪዝም ቢሮው? የባቡር ድርጅቱ? ወረዳው? ይህ ሳይመለስ ሰው ጠርታችሁ በሐዲድ ላይ አታስኪዱ።

ጫማ ይበቃኛል፦
ቀላል ነው። ድልድይ ጋ ስንደርስ እንመለሳለን።

ሲቪል መሐንዲስ፦
ከአዋሽ ድልድይ በፊት ከተመለስክ ታዲያ ምን ልታይ ሄድክ?