ሮቶው ሞልቶ አድሮ ጠዋት ግማሽ ነው፤ የወጥ ቤቱ ቧንቧም ያንጠባጥባል፤ ራሴ ልጠግነው እችላለሁ?

ጥያቄ፦ ተከራይ፣ ሽምብጥ

ሰላም ወገኖቼ። የምኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ አካባቢ ኪራይ ቤት ነው። በእኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፣ ብዙውን ጊዜ ሌሊት። ሲመጣ ባለ 1000 ሊትሩ ሮቶ ይሞላል። ውሃ በማይመጣበት ሌሊት ግን ማታ ሞልቶ ያየሁት ሮቶ ጠዋት ግማሽ ይሆናል፤ ማንም ሳይጠቀምበት ማለት ነው።

ሌላም አለ። የሽንት ቤቱ የውሃ ሳጥን ሌሊት ሽ የሚል ድምፅ አለው። የወጥ ቤቱ ቧንቧ ደግሞ ምንም ያህል ባጠብቀው ጠብ ጠብ ማለቱን አይተውም። ባለሙያ ጠርቼ ነበር፤ ቤቱን በቅጡ ሳያይ «ሁሉም ይቀየር» አለኝ። አከራዬ «አንተ አሠራው፣ ከኪራዩ ላይ እንተሳሰባለን» ብለውኛል። ካቻቢቴ፣ ፒንሳና ቺያቤ አለኝ። ከየት ልጀምር? የቱንስ ልተው?

መልስ፦ ቧንቧ ሠራተኛ፣ ዓባይ ማዶ

ወንድሜ፣ አንድም ዕቃ ሳትገዛ መጀመሪያ ውሃው በየት እንደሚሄድ እወቅ። ሰው ገንዘቡን የሚከስረው እዚህ ላይ ነው። ጎማ ይቀይራል፣ ቧንቧ ይቀይራል፣ ውሃው ግን በሌላ በኩል ይሄዳል።

ቆጣሪውን ብቻ አይተህ አትፍረድ። ሮቶ የሌለው ቤት ሁሉንም ቧንቧ ዘግቶ ቆጣሪው ከዞረበት ፍሳሽ አለ ማለት ነው። የአንተ ቆጣሪ ግን ከሮቶው በፊት ነው ያለው። ከሮቶው በኋላ የጠፋውን ውሃ ቆጣሪው የሚቆጥረው ሮቶው እንደገና ሲሞላ ነው።

ስለዚህ ውሃ በማይመጣበት ቀን፣ ሳይጨልም፣ ንጹሕ ዘንግ በሮቶው አፍ አስገባና ውሃው የደረሰበት ላይ ምልክት አድርግ። ከዚያ ከሮቶው ወደ ቤት የሚወርደውን ጌት ቫልቭ ዝጋ። መግቢያውንም ዝጋ፣ ሌሊት ውሃ ቢመጣ ነገሩን ያበላሽብሃል። ለማታ የሚበቃችሁን ቀድማችሁ በባልዲ ቅዱ። ጠዋት በዘንጉ ለካ። ውሃው ካልቀነሰ ሮቶው ደህና ነው፣ ውሃው የሚጠፋው ከቫልቩ ወዲህ ነው። ከቀነሰ ግን ሮቶው ወይም ከሥሩ ያለው መጋጠሚያ ያፈሳል፤ ዙሪያውን በእጅህ ዳስሰው። ክዳኑንም ስትወርድ ግጥም አድርገህ ዝጋ፣ አለዚያ ትንኝ ይራባበታል።

መልስ፦ የቤት እመቤት፣ ግሽ ዓባይ

ልጄ፣ እኔ ከሳጥኑ ጀምር ባይ ነኝ። ድምፅ የሚያሰማ ሳጥን ውሃ እያሳለፈ ነው።

ክዳኑን በሁለት እጅህ አንሣና መሬት ላይ አስቀምጠው፤ ሸክላ ነው፣ ከወደቀ አለቀለት። ውስጡ ቀጥ ያለች ቱቦ አለች። ትርፍ ውሃ የሚወርደው በእሷ ነው። ውሃው እስከ ቱቦዋ አፍ ደርሶ ወደ ውስጥ የሚገባ ከሆነ ጥፋቱ የተንሳፋፊው ነው፤ ከውሃው ጋር ከፍ ብሎ መግቢያውን መዝጋት ሲገባው በጊዜ አልዘጋም። ተንሳፋፊውን ዝቅ አድርገው። ብዙዎቹ ጎናቸው ላይ ብሎን አላቸው፣ በካቻቢቴ ይስተካከላል። ውሃው ከቱቦዋ አፍ ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ ይቁም።

ውሃው ቱቦዋ አፍ ጋ ሳይደርስ እያነሰ የሚሄድ ከሆነ ግን ጥፋተኛዋ ከሥር ያለችው ጎማ ናት። ይህን የማጣራው በቀይ ስር ነው። ቀቅዬ፣ ውሃውን አቀዝቅዤ ሳጥኑ ውስጥ እጨምረዋለሁ። ግማሽ ሰዓት ያህል ማንም ውሃ እንዳይለቅ እናገራለሁ። ከታች መቀመጫው ውስጥ ያለው ውሃ ከቀላ ጎማዋ ታሳልፋለች።

ጎማዋን ለማውጣት ከግድግዳው የምትወጣውን ትንሿን መዝጊያ ዝጋና በሳጥኑ ውስጥ ያለውን ውሃ ልቀቀው። መሐል ላይ የቆመውን ግንድ ይዘህ ወደ ግራ ሩብ ዙር ያህል አዙረው፤ አብዛኛው እንዲህ ነው የሚነቀል። ከሥሩ ክብ ጎማ ታገኛለህ። ጣትህን ዳሯ ላይ አስኪድ። አሸዋ ወይም ነጭ ቅርፊት ከያዘች ይሻክርሃል። ያ ቅርፊት ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ዓይነት ነው። አቼቶ ውስጥ ዘፍዝፋት፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እሻት። ጎማዋ የምታርፍበትንም ቦታ አብረህ አጽዳ፣ እሱ ነው የሚረሳው። ደርቃ ወይም ተጣማ ከሆነ ግን ማጽዳት አያድናትም፣ ቀይራት።

መልስ፦ ጎረቤት፣ ፖሊ አካባቢ

እትዬ ያሉት ልክ ነው። ግን አንድ ሌሊት ውስጥ ግማሽ ሮቶ? 500 ሊትር እኮ ነው! እኔ የምጠረጥረው ቼክ ቫልቩን ነው፤ ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግደውን ማለቴ ነው። በብዙ ግቢ የመንገዱ መስመር ለቤቱም ለሮቶውም በአንድ ላይ ይገናኛል። የመንገዱ ውሃ ሲጠፋ ግፊቱ ይወርዳል፤ የሮቶው ውሃ ከፍታ ላይ ስለሆነ ወደ ኋላ ተመልሶ ወደ መንገዱ መስመር ይሄዳል። ቼክ ቫልቭ ከሌለ ወይም ቆሻሻ ይዞት ካልዘጋ ጎረቤት እያጠጣህ ነው። በቀይ ስር ጊዜ አታጥፋ።

መልስ፦ ቧንቧ ሠራተኛ፣ ዓባይ ማዶ

ሁለቱም ይሆናል። ሳጥን ግን አይናቅ። ውሃው በደንብ ከተለቀቀ በደቂቃ አንድ ሊትር ማሳለፍ አይከብደውም፤ ያ በስምንት ሰዓት 480 ሊትር ነው።

የሚለያቸው ይህ ነው። በሚቀጥለው ውሃ የሌለበት ሌሊት የሮቶውን መውጫ ክፍት ተወው፤ የሳጥኑን ትንሿን መዝጊያ ብቻ ዝጋ። ጠዋት ሮቶው ካልቀነሰ ጥፋተኛው ሳጥኑ ነው። ከቀነሰ ቆጣሪው ጋ ሂድ። ውሃ በሌለበት ሰዓት የቆጣሪው ትንሿ መዘውር ወደ ኋላ ስትዞር ካየህ ውሃህ ወደ መንገድ እየተመለሰ ነው። ያኔ ቼክ ቫልቭ ይገባል። ቫልቩ ላይ ቀስት አለ፤ ቀስቱ ከቆጣሪው ወደ ቤት ማመልከት አለበት። የቆጣሪውን ማኅተም ግን እንዳትነካ። ከቆጣሪው በፊት ያለው ሁሉ የውሃ አገልግሎቱ ነው፤ ለእነሱ አመልክት።

ምላሽ፦ ተከራይ፣ ሽምብጥ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መጀመሪያ መውጫውን ዘግቼ አደርኩ፣ ዘንጉ ላይ ያለው ምልክት አልተነቃነቀም። ቀጥሎ የሳጥኑን ብቻ ዘጋሁ፤ አሁንም አልቀነሰም። የቀይ ስሩ ውሃ ደግሞ ቶሎ ነው ታች የታየው። እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ጎማዋን አውጥቼ አየኋት፤ በአንድ በኩል ተጣማለች። ነገ እቀይራታለሁ። የወጥ ቤቱ ቧንቧስ?

መልስ፦ ቧንቧ ሠራተኛ፣ ዓባይ ማዶ

ጥሩ ሠርተሃል። ጎማዋን ይዘህ ሂድ፣ ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ያሉ የሕንፃ መሣሪያ ሱቆች አጠገቧ አድርገው ይለኩልሃል። በቃል ብትነግራቸው የማይገጥም ይዘህ ትመለሳለህ።

ወደ ቧንቧው ልምጣ። ከሁሉ በፊት፣ ማጥበቁን ተው። የሚያንጠባጥብ ቧንቧ በኃይል ሲጠብቅ ጎማው የበለጠ ይበላል፤ የሚያርፍበትም ነሐስ ይጎዳል።

እጀታው ብዙ ዙር የሚዞር ከሆነ ውስጡ ጎማ አለው። የሮቶውን መውጫ ዝጋና ቧንቧውን ከፍተህ የቀረው ውሃ ይውጣ። የሲንኩን ቀዳዳ በጨርቅ ድፈን፤ ብሎን ከገባበት ሲፎኑን፣ ከሲንኩ ሥር ያለውን ጠማማ ቱቦ፣ መፍታት ይመጣብሃል። እጀታውን ንቀል፣ ከሥሩ ያለውን ራስ በቺያቤ ፍታ፤ ጫፉ ላይ ትንሽ ጥቁር ጎማ ታያለህ። መሐሏ ላይ ክብ ጉድጓድ ከተቆፈረባት አልቃለች። ቀይረህም ወዲያው ማንጠባጠብ ከጀመረ ነሐሱ ተበልቷል ማለት ነው፤ ያኔ ቧንቧውን መቀየር ይሻላል።

ወደ ላይና ወደ ታች የሚነሳ አንድ እጀታ ያለው ከሆነ ግን ጎማ አትፈልግ። ውስጡ የሴራሚክ ካርትሪጅ ነው፤ ውሃውን የሚከፍተውና የሚዘጋው እሱ ነው፣ እንዳለ ነው የሚቀየረው። የብዙዎቹ ስፋት 35 ወይም 40 ሚሊ ሜትር ነው፤ እሱንም ፈትተህ ናሙናውን ይዘህ ሂድ። ካርትሪጅን የሚገድለው አሸዋ ነው። ስለዚህ ውሃ ጠፍቶ ቆይቶ ሲመጣ መጀመሪያ የግቢውን ዝቅ ያለ ቧንቧ ክፈትና ድፍርሱ ይውጣ፤ ሲጠራ ወደ ሮቶው ልቀቀው። ይህን በደንብ ያዝልኝ፤ የሳጥኑንም የቧንቧውንም ዕድሜ ያረዝማል።

ቴፍሎን፣ ማለትም ጥርሱ ላይ የሚጠመጠመውን ነጭ ስስ ቴፕ፣ የምትጠመጥመው ወደሚጠብቅበት አቅጣጫ ነው፤ በግልባጩ ከሆነ ስታስገባው ይተረተራል። ፍሌክሲብል ቱቦ ጫፉ ውስጥ የራሱ ጎማ ካለው ቴፍሎን አይፈልግም። በእጅህ አጥብቀህ በቺያቤ ትንሽ ብቻ ጨምርለት።

መልስ፦ የሱቅ ሠራተኛ፣ ቀበሌ 14

እኔ የሚያፈስ የፒፒአር (የፕላስቲክ ቧንቧ) መጋጠሚያ በሱፐር ግሉ ሙጫ አቁሜያለሁ። ለጊዜው ይሠራል።

መልስ፦ ቧንቧ ሠራተኛ፣ ዓባይ ማዶ

ወንድሜ፣ ለጊዜው ነው ያልከው ቃል ትክክል ነው፤ ግን አትምከረው። ፒፒአር ሙጫ አይዝም። የሚጋጠመው በማሽን 260 ዲግሪ ድረስ ሞቆ፣ ቀልጦ ነው። ማሽኑ ያለው ሰው ጥራ። ግድግዳ ውስጥ የተቀበረ መስመር ካፈሰም እንደዚሁ፣ ያ የባለሙያ ሥራ ነው።

ጥያቄ፦ እናት፣ ሰፈነ ሰላም

እግረ መንገዴን ልጠይቅ። የእኛ ቦይለር ሲሞቅ ከሥሩ ካለችው ቫልቭ ውሃ ያንጠባጥባል። ልጄ በቡሽ ልድፈናት ይላል።

መልስ፦ ቧንቧ ሠራተኛ፣ ዓባይ ማዶ

እናቴ፣ እባክዎ እንዳይደፍናት! ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል፤ ግፊቱ የሚወጣው በእሷ ነው። ከተደፈነች ቦይለሩ ሊፈነዳ ይችላል። ሲሞቅ ብቻ ጠብ ጠብ ካለች ሥራዋን እየሠራች ነው፤ ቀጭን ቱቦ አድርገውላት ወደ ፍሳሽ ይውሰዱት። ቀዝቅዞም ሳያቋርጥ ከፈሰሰ ቫልቯ ትቀየር። ማንም ቦይለሩን ሲነካ አስቀድሞ ብሬከሩን ያጥፋ፤ ማብሪያ ማጥፊያው ብቻ አይበቃም።

ምላሽ፦ ተከራይ፣ ሽምብጥ

ጎማዋን ቀየርኳት፤ የሳጥኑ ድምፅ ጠፍቷል። የወጥ ቤቱ ቧንቧ ባለ ብዙ ዙር ነው፣ ጎማው መሐሉ ተቆፍሯል። አሁን ወደ ሱቅ እየሄድኩ ነው፤ ለአከራዬም የዕቃውን ደረሰኝ እይዛለሁ።