«ድር ቢያብር» የየትኛው ድር ነው?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ የቤት ሥራ ተሰጥቷት ነበር። በቡድን የሚኖሩና ለብቻቸው የሚኖሩ እንስሳትን ለዪ የሚል ነው። ሸረሪትን ከብቸኞቹ ጋር ጻፈቻት። ከዚያ ቀና ብላ «ታዲያ ለምን ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል?» አለችኝ። መልስ አጣሁላት። ደግሞስ «መንጋ» ለሁሉም እንስሳ ይሆናል?

መልስ፦
እህቴ፣ ልጅሽ ትልቅ ነገር ነው ያየችው። አብዛኞቹ ሸረሪቶች ብቸኛ ናቸው። ሁለቱን አንድ ላይ ብታደርጊያቸው አንዷ ሌላዋን ልትበላት ትችላለች። ግን ተረቱ «ሸረሪት ቢያብር» አላለም። የሚያብረው ክሩ ነው።

ድር ደግሞ የሸረሪት ብቻ አይደለም። ሸማኔ ዘንድ በቁመት የሚዘረጋው ክር ድር ነው፤ በአግድም የሚገባው ማግ። አንዷን ክር ለብቻዋ ብትስቢያት ጥስ ትላለች። ተሸምና ጋቢ ስትሆን ግን በሁለት እጅም አትቀደድም። እኔ ተረቱ ከሸማኔ ጉድጓድ የወጣ ይመስለኛል።

«ያብር» የሚለውም ከኅብረትና ከማኅበር ጋር አንድ ሥር ነው። ፖሊስ «ግብረ አበር» የሚለውም ከዚያው ነው።

ሌላ መልስ፦
ወንድሜ፣ ስለ ማጉ ያልከው ደስ ይላል፤ «ያስር» የሚለውን ግን አትዝለለው። ጋቢ ያለብሳል እንጂ አያስርም። ይዞ የሚያስረው የሸረሪት ድር ነው። ዝንብ ሲጠፈር ያየ ሰው አንበሳን ቢያስብ አይገርመኝም።

ስለ መንጋ ልጨምር። መንጋ ሲባል መጀመሪያ የሚታየኝ እረኛ ያለው ከብት፣ በግና ፍየል ነው። «የመንጋ ፍርድ» ሲባል ስሰማ ስለ ቃሉ አዝናለሁ። እረኛ ያለው መንጋ እኮ ሰላማዊ ነው።

አንበጣንም መንጋ እንላለን፤ በ2012 ዓ.ም. ሁላችንም ስንለው ከርመናል። የሚደንቀው የበረሃ አንበጣ በተፈጥሮው ብቸኛ መሆኑ ነው። ዝናብ ጥሎ ሲራባ፣ ከዚያም ልምላሜው ሲደርቅ፣ ጠባብ ቦታ ላይ ይታጨቃል። እግር ለእግር ሲነካካ ጠባዩ ይቀየራል፣ ቀለሙም ይለወጣል። ያኔ ነው መንጋ የሚሆነው። ልጅሽ በሁለቱም ረድፍ ብትጽፈው ልክ ናት።

ጠያቂዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ቀይ ቀበሮንስ የት ላድርጋት አለችኝ?

መልስ፦
እሷም ታስቸግራለች። ባሌ ተራሮች ላይ በቡድን ትኖራለች። ድንበራቸውን አብረው ይጠብቃሉ፤ የአንዷን ግልገሎች ሌሎቹም ያሳድጋሉ። አይጥና ፍልፈል ለማደን ግን እያንዳንዷ ለብቻዋ ትወጣለች። ለእነሱ «መንጋ» ማለት ይከብደኛል። «ቤተሰብ» ብትልላቸው እመርጣለሁ።