የአንባቢያን አስተያየት መስጫውን እንዝጋው ወይስ መያዣ መንገድ አለው?

ጠያቂ፦ ሦስት ሆነን የምንሠራው

ጤና ይስጥልኝ። ሦስት ሆነን የምናዘጋጀው አነስተኛ የአማርኛ የዜና ድረ ገጽ አለን፤ አንባቢዎቻችን በብዛት በአዲስ አበባ፣ በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢና በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖሩ ናቸው። ከእያንዳንዱ ዜና ሥር አስተያየት መስጫ ከፍተን ቆይተናል። ባለፈው ወር ግን በመኪና አደጋ ስለሞቱ ሰዎች ባወጣነው ዜና ሥር፣ የሟቾቹን ብሔር ጠቅሶ «እሰይ» የሚል አስተያየት ሳናየው አደረ። ያወቅነው ጠዋት የአንደኛው ሟች እህት ስትደውልልን ነው፤ ቁጣ እንኳ አላሰማችም፣ «እናታችን ሳታየው አጥፉልኝ» ብቻ አለችኝ። በዚያው ሰዓት መድረኩን በሙሉ ዘጋነው። አሁን ደግሞ አንባቢዎች ለምን እንደዘጋን እየጠየቁን ነው። ዘግተን እንቀጥል ወይስ በሦስት ሰው አቅም የሚያዝበት መንገድ አለ?

መልስ 1፦ የማታ ተረኛ

መዝጋት የሚያሳፍር አይደለም። ሮይተርስ እ.ኤ.አ. በ2014፣ የአሜሪካው ኤንፒአር ሬዲዮም በ2016 ከዜናዎቻቸው ሥር የነበረውን መድረክ ዘግተዋል። ሆኖም ለእናንተ የምመክረው ሌላ ነው፤ ማንበብ የምትችሉትን ያህል ብቻ ክፈቱ። ኒው ዮርክ ታይምስ አስተያየቶችን ከመውጣታቸው በፊት የሚያነቡ 14 ያህል ሠራተኞች ኖረውትም፣ እስከ 2017 ድረስ ለአስተያየት የሚከፍተው ከዘገባዎቹ 10 በመቶ ያህሉን ብቻ ነበር፤ ቁጥሩን ከፍ ማድረግ የጀመረው በዚያ ዓመት የኮምፒውተር ማገዣ ካስገባ በኋላ ነው። እናንተ በቀን ሁለት ዜና ምረጡ፣ ተረኛው ጠረጴዛው ላይ ባለበት ሰዓት ብቻ ክፈቱ፣ ሳይነበብም አንድም አስተያየት አይውጣ። የሞት፣ የአደጋና የግጭት ዜና ግን ከነጭራሹ አይከፈት፤ ሐዘንተኛ የሚያነበው ገጽ ነውና።

መልስ 2፦ ፊደል ቆጣሪ

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ የስድብ ቃላት ዝርዝር አስገብታችሁ ማጣሪያው ይጠብቀናል ብላችሁ እንዳትተኙ ግን ላስጠነቅቅ። «ሐሰተኛ» የሚለውን ቃል ብቻ ውሰዱ፦ ሀሰተኛ፣ ሃሰተኛ፣ ኀሰተኛ፣ ሐሠተኛ እያሉ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ፊደላት በመለዋወጥ ብቻ በ12 መንገድ መጻፍ ይቻላል፤ በላቲን ፊደል የሚጽፈው፣ በፊደላቱ መካከል ነጥብ የሚያስገባው ሲጨመር መጨረሻ የለውም። ስለዚህ ማጣሪያው ከመሥራቱ በፊት ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ እንዲመልስ፣ ነጥብና ክፍተትንም እንዲያወጣ አድርጉ። ያም ሆኖ ሥራው የሰው ነው። እኔ በምሠራበት ገጽ «አህያ» የሚለውን ቃል አግደን፣ ስለ ጭነት አህያው ዋጋ የጻፈ ገበሬ አስተያየት ሦስት ቀን ታግዶ ተገኝቷል፤ በዚያው ሳምንት አንድም የስድብ ቃል ሳይጠቀም፣ በተረት ብቻ አንድን ሕዝብ ያዋረደ ሰው ያለ ችግር አልፏል። ሰምና ወርቁን የሚለይ ማጣሪያ እስካሁን አላየሁም።

መልስ 3፦ ከሕግ ወገን

የኢስቶኒያውን ዴልፊ የተባለ የዜና ገጽ ጉዳይ ብታዩት ይጠቅማችኋል። እ.ኤ.አ. በ2006 ስለ አንድ የጀልባ ኩባንያ ባወጣው ዘገባ ሥር 185 አስተያየቶች ተጻፉ፤ 20 ያህሉ ማስፈራሪያና ስድብ ነበሩ። የኩባንያው ባለድርሻ ጠበቆች ሲጠይቁ ገጹ በዚያው ቀን አነሣቸው፤ ነገር ግን ስድስት ሳምንት ቆይተው ነበርና የአገሪቱ ፍርድ ቤቶች ተጠያቂ አደረጉት። የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤትም በ2015 ይህ ሐሳብን የመግለጽ ነጻነትን አልጣሰም ብሎ ወሰነ። ካሳው 320 ዩሮ ብቻ ቢሆንም ጠያቂ እስኪመጣ መጠበቅ በቂ እንዳልሆነ ያሳያል። በእኛም አገር አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የማኅበራዊ ሚዲያ አገልግሎት ሰጪዎች ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ የጥላቻ ንግግርን እንዲያነሡ ይጠይቃል። ለድረ ገጽ በቀጥታ የተጻፈ ባይሆንም፣ የጥቆማ ቁልፍ አስገብታችሁ ከዚያ ያነሰ ሰዓት ለራሳችሁ ብትወስኑ መልካም ነው።

መልስ 4፦ አንባቢ ከሪያድ

እባካችሁ ጨርሳችሁ አትዝጉት። ስለ ጤፍ ዋጋ በወጣ አንድ ዜና ሥር፣ እህል በረንዳ የሚነግድ ሰው የነጩንና የሠርገኛውን ዋጋ ለይቶ ጽፎ የዘጋቢውን ስሕተት ሲያርም በዓይኔ አይቻለሁ። እኔ ለቤተሰቤ ምን ያህል እንደምልክ ያሰላሁት ከእርሱ አስተያየት ነው።

ጠያቂ፦ ሦስት ሆነን የምንሠራው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከሰኞ ጀምሮ በቀን ሁለት ዜና፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት እንከፍታለን፤ አንዱ ሁልጊዜ የገበያ ዜና ይሆናል። ሳይነበብ የሚወጣ አስተያየት አይኖርም፣ የሞት ዜና አይከፈትም። ደንቡን ለአንባቢ ከማውጣታችን በፊት ግን ዛሬ ከሰዓት ለሟች እህት እደውልላታለሁ።