ሰንጢ በኪስ፦ ይያዝ ወይስ ቤት ይቅር?

ጠያቂው (ደብረ ማርቆስ)፦ ሰላም ለቤቱ። ሰሞኑን አንድ ዘመዴ ሠርግ ሲገባ ኪሱ ውስጥ ሰንጢ ተገኘበትና ዳሱ በር ላይ አምባጓሮ ተነሳ። ሰውየው ጠብ የሚባል ነገር አያውቅም። ሰንጢ ይሰበስባል፣ በቃ። አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ሙሉ አለው። ሌላው ሰው ሰዓት መርጦ እንደሚያስረው እሱም ጠዋት ጠዋት አንዱን መርጦ ኪሱ ይከታል። ጥያቄዬ ይሄ ነው፦ በኛ በጎጃም ሰው ሰንጢ ይዞ ገበያ፣ ሠርግ፣ ጥምቀት ይውጣ? ወይስ ጊዜው አልፎበታል? ስድብ የለም፣ ሐሳብ ብቻ።

የብቸናው፦ ይሄ ምኑ ይጠየቃል? ገጠር ያደገ ሰው ያለ ስለት ከቤት አይወጣም። ገመድ ትቆርጣለህ፣ ሸንኮራ ትልጣለህ፣ እግርህ የገባውን እሾህ ታወጣለህ። ለቡሄ ጅራፍ ልጡን የላጥነው በምን ነበር፣ በጥርሳችን? ሰው የሚገድለው ሰው ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን አትሁኑብን።

ነርሷ (ባሕር ዳር)፦ ወንድሜ፣ አንተ ሸንኮራውን ታያለህ፤ እኔ የማየው ሌላ ነው። የበዓል ማታ ተረኛ ሆነህ እደር፣ ይገባሃል። ሰው ትንሽ ስለት ትንሽ ቁስል የሚያመጣ ይመስለዋል። ከውጭ ሲታይ ጥፍር የምታክል ቀዳዳ ናት፤ ደሙም ያን ያህል አይደለም። ከውስጥ ግን አንጀት ተበስቶ ይሆናል። ወይ ደረቱ ውስጥ አየር ገብቶ ሳንባውን እየተጫነው ነው። ልጁ «ደህና ነኝ» እያለ በእግሩ ይመጣና ትንሽ ቆይቶ ቀዶ ሕክምና ክፍል ይገባል።

ካነሳነው አይቀር አንድ ነገር ልናገር። ስለቱ ሰውነት ላይ እንደተሰካ ካገኛችሁት እንዳትነቅሉት! ዙሪያውን በጨርቅ ደግፋችሁ፣ እንዳይነቃነቅ አድርጋችሁ አምጡት። አንዳንዴ ደሙን አፍኖ የያዘው እሱ ራሱ ነው።

ሰው የሚገድለው ሰው ነው ላልከው፣ እሺ ይሁን። ግን ያው ሰው ባዶ እጁን ቢሆን ነገሩ በቡጢ ያልቅ ነበር።

ሰብሳቢው፦ ሰውየው እኔ ነኝ። ዳሱ በር ላይ የተባልኩትን እዚህ አልደግመውም። ግን ስለማታውቁት ነገር አትፍረዱ።

ጩቤ የሚሠራው ለመውጋት ነው። ጫፉ ሹል፣ ስለቱ በሁለት በኩል። እኔ የምሰበስበው ታጣፊውን ነው። የድሮ ታጣፊ ሲዘረጋ አይቆለፍም፤ የሚይዘው ጀርባው ላይ ያለው ሞላ ብቻ ነው። ልውጋበት ብትል ታጥፎ የሚቆርጠው ያንተኑ ጣት ነው። ፈረንሳዩ ዦዜፍ ኦፒኔል እ.ኤ.አ. በ1890 መሥራት የጀመረው ሰንጢ ለሳቮዋ ገበሬዎች የዘወትር ዕቃ ነበር፤ ዳቦና አይብ መቁረጫ። ስለቱን የሚቆልፈው ቀለበት የመጣው በ1955 ነው። ስዊሶቹም የወታደር ሰንጢያቸውን በ1891 ሲያወጡ ጣሳ መክፈቻና ብሎን መፍቻ አድርገውበታል። የትኛው ነው ሰው መግደያው?

ከሁሉ የምወደው ግን የአያቴን ካራ ነው። እጀታው የበሬ ቀንድ ነው። አውራ ጣት የሚያርፍበት ቦታ በዕድሜ ብዛት ጎድጉዷል፤ ጣቴን ሳሳርፍበት ልክ ይገባል። ስለቱ ከመሳል ብዛት ቀጥኖ መሐሉ ላይ ሰርጎድ ብሏል። ሎሚ ቆርጠህበት ሳትጠርገው ካደርክ ጠዋት ጠቁሮ ይጠብቅሃል። በዘይት ጨርቅ ወልውለህ ነው የምታስቀምጠው። ይሄን ቆርቆሮ ውስጥ ዘግቼበት ልሙት?

ነርሷ፦ የተቆረጠ ጣትም እኮ እኛው ነን የምንሰፋው 😄

የአንጥረኛ ልጅ፦ ሰብሳቢው ወንድማችን፣ የፈረንሳዩን ዓመተ ምሕረት በቃልህ ነው የምትወጣው። የአያትህን ካራ ማን እንደቀጠቀጠው ግን ታውቃለህ?

እኔ ልንገርህ። ያንን የሠራው እንደኔ አባት ያለ ሰው ነው። አባቴ የመኪና ባሌስትራ ይገዛል፣ ይቆራርጣል፣ ከሰል ላይ ያግለዋል። እኔ ወናፉን እነፋለሁ። ብረቱ ፍም ሲመስል መስፍ ላይ አጋድሞ ይቀጠቅጠዋል። መጨረሻ ላይ ውሃ ውስጥ ሲነክረው ጭስስ ይላል፤ ያቺን ሰዓት ከሳታት ወይ ይሰባበራል ወይ ስለት አይዝም። በዓይኑ ነው የሚያውቃት፣ በሌላ አይደለም። ቅዳሜ ገበያ ይዞ ሲወጣ ሰው ተሻምቶ ይገዛዋል። ቤታችን ገብቶ ቡና ጠጣ ስትለው ግን ሰበብ ያበዛል። ቡዳ ናቸው ነዋ! አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው አትስደቡ ብለው አዋጅ አስነግረዋል። አዋጁ እኛ ሰፈር እስካሁን መንገድ ላይ ነው።

አሁን ደግሞ ሰንጢ ይከልከል ትላላችሁ። ማጭዱም፣ ማረሻውም፣ የሽንኩርት ቢላዋውም የሚወጣው ከዚያው ምድጃ ነው። የትኛውን ፈቅዳችሁ የትኛውን ልትከለክሉ ነው?

ሰብሳቢው፦ አያቴ «ሞጣ ገበያ ገዛሁት» ይል ነበር። ከዚያ ወዲያ የሚያውቅ የለም። አባትህ ታጣፊ ይሠራሉ?

የአንጥረኛ ልጅ፦ ታጣፊ አይሠራም፣ ሞላው አስቸጋሪ ነው። አፎት ያለው ካራ ግን እጀታውን በቀንድ አድርጎ ይሠራልሃል። ዋጋ አትከራከረው እንጂ።

ሹፌሩ (ደጀን)፦ እኔ ፍልስፍና አላውቅም። ከማርቆስ አዲስ አበባ እመላለሳለሁ። ፍተሻ ሲኖር ሕዝቡ በሙሉ ይወርዳል። አንዱ ኪስ ውስጥ ሰንጢ ይገኛል። «ለብርቱካን ነው» ይላል። ሁሉም ለብርቱካን ነው! እሱ ሲጠየቅ መኪናው ሙሉ ሰው ፀሐይ ላይ ይቆማል፤ አራስም በሽተኛም አለበት። አባይ በረሃን ሳይመሽ ልሻገር ብዬ የወጣሁት ሰውዬ በአንድ ብርቱካን ምክንያት ይመሽብኛል። የምትወዱትን ሰንጢ ለመንገድ አትያዙ፣ ተወስዶ ይቀራል። በአውሮፕላንም ያው ነው፤ በእጅ ሻንጣ ይዛችሁ ብትሄዱ እዚያው ኤርፖርት ይቀራል።

የሕግ ሰው፦ ሕጉን በአጭሩ ላንሳው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 556 በሰው ላይ ቀላል ጉዳት ያደረሰ ሰው መሣሪያ ከተጠቀመ ነገሩ እንደሚከብድበት ይናገራል። ስለዚህ «ለብርቱካን የያዝኩት ነው» የሚለው ንግግር ከጠብ በኋላ ብዙ አያድንም።

በቅድሚያ መለኪያ ማበጀትም ይቻላል። የእንግሊዝን ሕግ ተመልከቱ። ታጣፊ ከሆነ፣ ስለቱ ከ3 ኢንች ማለትም ከ7.62 ሴንቲ ሜትር ካልበለጠና ሲዘረጋ የማይቆለፍ ከሆነ ምክንያት ሳትጠየቅ ትይዘዋለህ። ከዚያ ካለፈ በቂ ምክንያት ማስረዳት የያዡ ፋንታ ነው። ሰብሳቢው፣ ያ የምትወደው ኦፒኔል ቀለበቱ ስለሚቆልፈው ለንደን ውስጥ ያስጠይቅሃል። ይሄን ዓይነት ግልጽ መስመር ቢኖረን በር ላይ ያለውም ሰው በስሜት አይፈርድም፣ ያዡም ልኩን ያውቃል።

የብቸናው፦ ገበያ በር ላይ ማስመሪያ ይዞ የሚቆም ሚሊሻ ታየኝ 😂

እትዬ ጉሊት (ፍኖተ ሰላም)፦ እናንተ ልጆች ስለ ፈረንሳይና ስለ እንግሊዝ ታወራላችሁ። እኔ የማወራው ስለ ልጄ ነው። ገና 16 ዓመቱ ነው። ሱሪውን ላጥብ ብዬ ኪሱን ስፈትሽ ሰንጢ አገኘሁ። «ይሄ ምንድነው?» ስለው «እነሱስ ይዘው የለ» አለኝ። እነሱ የሚላቸው አብረውት የሚማሩትን ነው። የእነሱን እናቶች ብጠይቅ ልጆቻቸው የሚሉት ያንኑ ነው። አንዱ ያንዱን ፈርቶ ይይዛል፣ ሁሉም በፍርሃት ታጥቆ ይዞራል። ሰብሳቢው፣ አንተ ጨዋ ነህ እሺ። የኔ ልጅ ግን አንተን አይቶ ነው ወንድ ማለት ይሄ ነው የሚለው። የያዝከውን ያያል እንጂ ልብህን አያይም።

ነርሷ፦ እትዬ፣ ይህችን ስጠብቅ ነበር። እኔ ጋ የሚመጡት የርስዎን ልጅ የሚያክሉ ናቸው። አብዛኞቹ ለጠብ ብለው አልያዙም። እንዳይጠቁ ብለው ነው።

ሰብሳቢው፦ እትዬ፣ የርስዎ ከበደኝ። ለልጅ የማይሆን መሆኑን እኔም አምናለሁ። ለልጅ መጠጥም አይሸጥም፤ ትልቁ ግን አልተከለከለም።

የቀድሞ ቆሎ ተማሪ፦ አያ ሰብሳቢ፣ መጠጥን ካነሳህ እኔም ልግባ። ቅኔ ቤት ሳለን ካራ የሌለው ተማሪ ብርቅ ነበር። መቃ ብዕር የሚቀረጸው በምን ይመስላችኋል? ጫፉን በአግድም ሰያፍ ትቆርጠዋለህ፣ ከዚያ መሐሉን ትሰነጥቀዋለህ። ስንጥቁ ከበዛ ቀለሙ ይዘረገፋል፣ ካነሰ አይወርድም። ሲዶለዱም እንደገና ትቀርጻለህ። ተማሪ ተርቦ፣ ተናዶ፣ በውሻ ተባርሮ ሲመጣ አይቻለሁ። በካራ ሲወጋጋ ግን አላየሁም። ለምን? ጠላው የለማ! የኔታም ቅርብ ናቸው።

እኔ የምለው፣ ካራው እርሻ ላይ ይዋል፣ ደብር ዛፍ ሥር ይዋል፣ ሰብሳቢውም ቆርቆሮውን ይክፈትና ይደሰት። አረቄና ጠጅ ያለበት ቦታ ግን አይግባ። ሠርግ ከሆነ ዳሱ በር ላይ አስረክቦ ይግባ፣ ሲወጣ ይውሰድ። ከልካይ አያስፈልገውም፣ አዋጅም አያስፈልገውም። ደጋሹ አስቀድሞ ቢናገር ይበቃል።

የብቸናው፦ በዚህስ ይሁን። እርሻዬን ካልነካችሁብኝ ሠርጉን ወስዳችኋል።

ሰብሳቢው፦ የአያቴን ካራ ለማን ነው የማስረክበው? የማያውቀው ሰው በርሜል ውስጥ ቢወረውረው ጫፉ አለቀ።

ጠያቂው፦ ለሚዜው ስጠው።

ነርሷ፦ ሚዜውማ ከሁሉ ቀድሞ ነው የሚሰክረው!

እትዬ ጉሊት፦ የሙሽራዋ አክስት ትያዘው። እሷ አትጠጣም፣ ዕቃም አይጠፋባትም።