ከደብረ ብርሃን ወደ ሞቃት ደሴቶች ለሚወርዱ፦ ስለ መዋኛ ቦታ፣ ስለ ዕቃና ስለ አገልግሎት ጥቆማ

ከደብረ ብርሃን፣ ከአንኮበርና ከመንዝ ተነሥተው ለጫጉላም ሆነ ለዕረፍት ወደ ዛንዚባር፣ ወደ ሲሸልስ ወይም ወደ ጅቡቲ ደሴቶች ለመሄድ የሚያስቡ ሰዎች አስቀድመው የሚጠይቁት ምን ዓይነት ዕቃ መግዛት እንዳለባቸው ነው። የእኔ ጥቆማ ገንዘባችሁን በቅድሚያ ለዋና ትምህርትና ለባሕር ዳርቻ ምርጫ እንድታውሉት፣ ዕቃውን ከዚያ በኋላ እንድታስቡበት ነው። በደጋ ያደገ ሰው ወንዝን የሚያውቀው በአብዛኛው ልብስ አጥቦበት ወይም በድልድይ ተሻግሮት ነው፤ የበሬሳ ወንዝ ቅዝቃዜም ቢሆን ለዋና አይጋብዝም።

ለጀማሪ ከሁሉ የሚሻለው፣ መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ቢሆንም፣ አዲስ አበባ ውስጥ አሠልጣኝ ያለውና ውኃው የሚሞቅ የሆቴል ገንዳ ነው። ሶደሬ የፍል ውኃው ሙቀት ሰውነትን ስለሚያፍታታ ደስ ይላል፤ በበዓላት ሰሞን ግን ሕዝቡ ስለሚበዛ ለመዝናናት እንጂ ለመማር አይሆንም። የቢሾፍቱ ሐይቆች በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኙ በመሆናቸው ከዳር ትንሽ እንደራቁ በድንገት ይጠልቃሉና ገና ለሚማር ሰው አልመርጣቸውም። በገንዳ መዋኘት ለቻለ ሰው ላንጋኖን አስቀድማለሁ፤ ከቢልሃርዚያ ነጻ መሆኑ የታወቀ ከመሆኑም በላይ፣ ውኃው ደፍራሽ ስለሆነና ነፋስ ሲነሣ ማዕበል ስለሚኖረው፣ ታቹ በማይታይ ውኃ ውስጥ ሳይደናገጡ መቆየትን ያስለምዳል። በሸዋ ሮቢት ዙሪያ ባሉ ወንዞች መለማመድን ፈጽሞ አልመክርም፤ ደጋው ላይ የጣለው ዝናብ፣ ቆላው ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ፣ ደራሽ ሆኖ ይመጣል። በጀርባው ተንሳፍፎ አሥር ደቂቃ መቆየትና ሳያርፍ 200 ሜትር መዋኘት ያልቻለ ሰው፣ በእኔ መለኪያ፣ ደሴት ላይ ሲደርስ ከወገቡ በላይ ወደሆነ ውኃ መግባት የለበትም።

ወደ ዳርቻዎቹ ስንመጣ፣ በዛንዚባር ወሳኙ ነገር የባሕሩ ሙላትና ጉድለት ነው፤ ልዩነቱ በአንዳንድ ቀናት አራት ሜትር ገደማ ይደርሳል። በምሥራቅ በኩል ባሉት በፓጄና በጃምቢያኒ ባሕሩ ሲጎድል ውኃው በመቶዎች በሚቆጠር ሜትር ስለሚሸሽ፣ ጎብኚዎች በኮራሉ (በባሕር ውስጥ በሚያድገው ድንጋይ መሰል ነገር) ላይ እየተራመዱ ርቀው ይሄዳሉ፤ ውኃው ተመልሶ ሲመጣ ደግሞ በመጀመሪያ የሚሞላው ከኋላቸው ያለው ዝቅተኛ ቦታ ሊሆን ይችላል። በሰሜን ጫፍ ያሉት ኑንግዊና ኬንድዋ በማንኛውም ሰዓት ስለሚዋኝባቸው፣ ሆቴላቸው ወደድ ቢልም፣ ለጀማሪ የምመርጠው እነርሱን ነው። በሲሸልስ ምርጫው የሚወሰነው በወቅቱ ነፋስ ነው፦ ከግንቦት ገደማ እስከ መስከረም ከደቡብ ምሥራቅ በሚነፍሰው ነፋስ ምክንያት በላ ዲግ ደሴት ያለው ግራንድ አንስ፣ ፎቶው የቱንም ያህል ቢያምር፣ ኃይለኛ ጎታች ጅረት ይኖረዋል፤ በማሔ ደሴት ሰሜን ያለው ቦ ቫሎን ግን በዚያ ወቅት የተከለለ ነው። ከጅቡቲ ከተማ በጀልባ የሚደረስበት ሙሻ ደሴት በርቀቱ ለእኛ ይቀርባል፤ ሆኖም በሞቃት ወራታቸው ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ብትሄዱ ይሻላል።

ጎታች ጅረት የሚባለው በማዕበል ወደ ዳር የተገፋው ውኃ በጠባብ መውጫ ወደ ባሕሩ ሲመለስ የሚፈጠር ነው። ማዕበሉ የማይሰበርበት ጸጥ ያለ መሥመር ስለሚመስል፣ ባሕር የማያውቅ ሰው ለዋና የሚመርጠው ያንኑ ቦታ ነው። ጅረቱ ሰውን ወደ ውጭ ይወስዳል እንጂ ወደ ታች አያሰጥምም፤ የሚገድለው ፊት ለፊት ወደ ዳር ለመመለስ ሲታገሉ የሚመጣው ድካም ነው። ስለዚህ ተንሳፍፎ መረጋጋት፣ እጅን አንሥቶ እርዳታ መጥራት፣ አቅም ካለ ደግሞ ከዳርቻው ጎን ለጎን ዋኝቶ ከጅረቱ መውጣትና ከዚያ ማዕበሉ በሚሰበርበት በኩል መመለስ ይገባል።

ከዕቃ ሁሉ አስቀድሜ የምጠቁመው በልክ የሚሆን ላይፍ ጃኬት ነው፤ ለልጅ ከሆነ በእግሮች መካከል የሚያልፍ ማሰሪያ ያለውን ምረጡ። በአየር የሚነፉ ጎማዎችና ፍራሾች ነፋስ ወደ ባሕሩ ስለሚነዳቸው የደኅንነት ዕቃ አይደሉም። በአውሮፕላን የሚሰጠው ጃኬት ደግሞ ከበር ሳይወጡ መነፋት የለበትም፤ በኅዳር 1989 ዓ.ም. የተጠለፈው አውሮፕላናችን ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ ሲወድቅ፣ ጃኬታቸውን ውስጥ ሆነው በመንፋታቸው መውጣት አቅቷቸው የሰጠሙ መንገደኞች ነበሩ። የመተንፈሻ ጭምብል ስትገዙ፣ ፊትን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍነው ርካሽ ዓይነት የወጣውን ትንፋሽ በውስጡ ሊያስቀር ስለሚችል፣ መነጽሩና ቱቦው የተለያዩበትን የቀድሞውን ዓይነት አስበልጣለሁ። በአዲስ አበባ ስታዲየም አካባቢ ባሉ የስፖርት ዕቃ መደብሮች ላይፍ ጃኬቱንም ጭምብሉንም ጠይቁ። የፀሐይ መከላከያ ቅባት በየሁለት ሰዓቱ መደገም ስላለበትና ጊዜው ያለፈበትም በገበያ ስለሚገኝ፣ ለገንዘባችሁ የሚበጀው ረጅም እጅጌ ያለው የዋና ልብስ ነው፤ ጠይም ቆዳ አይቃጠልም የሚለው አባባል የደጋ ወሬ ነው። ሶሉ ወፍራም የሆነ የውኃ ጫማ ከኮራልና ከባሕር እሾህ ይጠብቃል። መርዘኛ ዓሣ ወይም እሾህ ከወጋ፣ የተወጋውን እጅ ወይም እግር ቆዳ በማያቃጥል ሙቅ ውኃ፣ 45 ዲግሪ ገደማ፣ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ መንከርና ወደ ሕክምና መሄድ ያስፈልጋል።

የቢጫ ወባ ክትባት ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን አስቀድሞ መወሰድ አለበት፤ የምስክር ወረቀቱ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ሲሸልስ ወባ የለም፤ ዛንዚባርና ጅቡቲ ግን አለ። የሸዋ ሮቢት ሰው አጎበር እንዲይዝ መካሪ አያሻውም፤ የደብረ ብርሃን ሰው ግን ያሻዋል። ለወባ መከላከያ ዶክሲሳይክሊን የታዘዘለት ሰው መድኃኒቱ ቆዳውን ለፀሐይ እንደሚያጋልጥ ይወቅ። ዛንዚባር ከጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአዋቂ የውጭ ጎብኚ 44 ዶላር የሚከፈልበት የራሷን መድን ግዴታ ስላደረገች፣ አገር ቤት የገዛችሁት አይተካውም።

በአየር ጋን ለሚጠልቁ ሰዎች አንድ ነገር ልጨምር፤ በዚህ ረገድ የእኛ አገር ከሌላው ይለያል። ሲጠልቁ ወደ ሰውነት የገባው ናይትሮጅን፣ የአየር ግፊቱ በከፍታ ሲቀንስ አረፋ ሆኖ ሊጎዳ ስለሚችል፣ በተደጋጋሚ የጠለቀ ሰው ከመብረሩ በፊት ቢያንስ 18 ሰዓት እንዲቆይ ይመከራል፤ ይህ ምክር የሚሠራው ግን የውስጥ የአየር ግፊቱ በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው ለማያንስ አውሮፕላን ሲሆን፣ ደብረ ብርሃን በ2,800 ሜትር ገደማ፣ ጣርማበር ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ላይ ይገኛሉ። በመሆኑም ከጅቡቲ በሚሌና በኮምቦልቻ አድርጎ በመኪና የሚመለስ ሰው፣ ሳይበርም ቢሆን፣ ከበረረው በላይ ከፍ ይላልና ለመጨረሻ ጊዜ ከጠለቀ በኋላ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ባሕር ዳር ቢያርፍ እመክራለሁ። የመጥለቅ አስተማሪ ስትመርጡም ዋጋ ከማወዳደራችሁ በፊት የምትኖሩበትን ከፍታ ንገሩትና፣ ለጉዳዩ ትኩረት ካልሰጠ ወደ ሌላው ሂዱ።