ያልመረጥነውን ዕጩ ይዘን ቤት ለቤት ቀስቅሱ መባላችን ተገቢ ነውን?

ጠያቂ፦ ሰሜን ለንደን

ውድ ወገኖች፤ ለምክር የማቀርበው ጉዳይ በ2024 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ) ከተካሄደው የብሪታንያ ጠቅላላ ምርጫ ጀምሮ በምርጫ ክልላችን ሲብላላ የቆየ ነው። የፓርቲዬን ስም አልጠራም፤ ጠባዩ የአንድ ፓርቲ ብቻ ስላልሆነ ስሙ ብዙም አይጠቅምም። ጠቅላይ ሚኒስትር ሪሺ ሱናክ ምርጫው ጁላይ 4 እንደሚካሄድ ሜይ 22 ቀን በድንገት ሲያስታውቁ እኛ ገና ዕጩ አልመረጥንም ነበር። ተወዳዳሪዎቹን በአዳራሽ ሰምተን፣ ጠይቀንና ተከራክረን ድምፅ እንሰጣለን ብለን ስንጠብቅ፣ ጊዜ የለም ተባለና ዋናው ጽሕፈት ቤት ያቋቋመው አነስተኛ ኮሚቴ የመረጠውን ሰው በኢሜይል አሳወቀን። ዕጩው በአካባቢያችን ኖረውም ሠርተውም የማያውቁ ሲሆኑ፣ ለዓመታት የተከራዮችን አቤቱታ ይዘው ሲሟገቱ የኖሩ የአካባቢ ምክር ቤት አባሎቻችን ግን ለቃለ መጠይቅ እንኳ አልተጠሩም።

የእኔ ቅሬታ ከጓደኞቼ ቅሬታ በአንድ ነገር ይለያል። የብሪታንያ ዜግነት ገና አላገኘሁም። በዚህ አገር ጠቅላላ ምርጫ የሚመርጡት የብሪታንያና የአየርላንድ ዜጎች፣ እንዲሁም በሕጋዊ ፈቃድ የሚኖሩ የኮመንዌልዝ አገሮች ዜጎች ናቸው፤ ኢትዮጵያ ደግሞ የኮመንዌልዝ አባል አይደለችም። ዋና ዋናዎቹ ፓርቲዎች ግን ዜጋ ያልሆነ ነዋሪን በአባልነት ይቀበላሉ። ስለዚህ ናይጄሪያዊው ጎረቤቴ ወደ ምርጫ ጣቢያ ሲሄድ፣ ለእኔ የቀረችኝ ብቸኛ ድምፅ በዕጩ መምረጫው ስብሰባ ላይ የምሰጣት ነበረች። እርሷን ወስደው ሲያበቁ ቅዳሜ ጠዋት በራሪ ወረቀት እንዳድል ጠየቁኝ።

ዋናው ጽሕፈት ቤት ይህን ሥልጣን ከወዴት አገኘው? አባላት ተቃውመው የተሳካላቸው ጊዜስ አለን? በሚቀጥለው ምርጫም እንዲሁ ከሆነ ልቆይ ወይስ የአባልነት ካርዴን ልመልስ?

መልስ፦ ነገረ ሕግ፣ በርሚንግሃም

ሥልጣኑ የሚመነጨው ከፓርቲው መተዳደሪያ ደንብ ብቻ ሳይሆን ከአገሪቱ የምርጫ ሕግም ጭምር ነው። በ1998 እና በ2000 የወጡት ሕጎች ፓርቲዎች እንዲመዘገቡ አደረጉ፤ ከዚያ ወዲህ አንድ ሰው በፓርቲው ስምና ዓርማ ለመወዳደር፣ ፓርቲው ለዚሁ ሥራ የሰየመው ኃላፊ የፈቀደበትን የምስክር ወረቀት ማቅረብ አለበት። የምርጫ ክልልዎ አባላት በሙሉ ድምፅ አንድ ሰው ቢመርጡ እንኳ ያ ወረቀት ካልተሰጠ ሰውየው የሚቀርበው በግል ዕጩነት ነው። የግል ዕጩ ለመሆን የ10 መራጮች ፊርማና 500 ፓውንድ ማስያዣ ይበቃል፤ ከተሰጠው ድምፅ 5 በመቶ ያላገኘ ገንዘቡን ያጣል። አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፦ በሌበር (የሠራተኞች ፓርቲ) ደንብ መሠረት በፓርቲው ይፋዊ ዕጩ ላይ ለሚወዳደር ሰው የቀሰቀሰ አባል ከአባልነቱ ይሰረዛል።

የተሳካላቸው አሉ። በ2000 ኬን ሊቪንግስተን ለለንደን ከንቲባነት የሌበር ዕጩ ለመሆን ሲወዳደሩ ከተራ አባላቱ አብዛኛውን ድምፅ ቢያገኙም፣ የፓርላማ አባላት ድምፅ ከፍተኛ ክብደት በተሰጠው ቀመር በፍራንክ ዶብሰን ተሸነፉ። በግል ቀርበው ከንቲባ ሆኑ፤ ዶብሰን ሦስተኛ ወጡ። ፓርቲው ያባረራቸውን ሰው በ2004 መልሶ የራሱ ዕጩ አድርጎ አቀረባቸው። በዌልስ ብላይናይ ግዌንትም ፒተር ሎው ለዕጩነት ሴቶች ብቻ እንዲወዳደሩ ከላይ የተጫነውን ዝርዝር ተቃውመው በ2005 በግል ሲወዳደሩ፣ ሌበር ቀድሞ ከ19 ሺህ በላይ በሆነ ልዩነት ያሸነፈበትን ወንበር ከ9 ሺህ በላይ በሆነ ልዩነት ወሰዱት። በ2024 ደግሞ ሌበር እንዳይወዳደሩ የከለከላቸው ጄረሚ ኮርቢን ከ1983 ጀምሮ የያዙትን ኢዝሊንግተን ኖርዝን በግል ጠበቁት።

ሦስቱም ግን ከመወዳደራቸው በፊት በአካባቢው ስማቸው የገነነ ሰዎች ነበሩ። ቺንግፎርድና ዉድፎርድ ግሪን ሌላ ነገር ያስተምራል። ፋይዛ ሻሂን በአካባቢው አባላት ተመርጠው ለሁለት ዓመት ያህል ሲቀሰቅሱ ከቆዩ በኋላ፣ ምርጫው ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት በማኅበራዊ ሚዲያ እንቅስቃሴያቸው ምክንያት ተነሡና በምትካቸው ሻማ ታትለር ተመደቡ። ሻሂን በግል ተወዳደሩ። ሁለቱም ከ12 ሺህ በላይ ድምፅ አገኙ፤ በመካከላቸው የነበረው ልዩነት ከመቶ አይሞላም፤ ወንበሩም 17 ሺህ ገደማ ድምፅ ይዘው በቀሩት በወግ አጥባቂው ኢየን ዳንከን ስሚዝ እጅ ቆየ። ለዚህ ተጠያቂው ማዕከሉ ነው ወይስ በግል የወጡት የሚለው ክርክር እዚያ ሰፈር አሁንም አልበረደም። በእኔ አስተያየት የተመረጠን ዕጩ በመጨረሻው ሰዓት ያነሣ ወገን ውጤቱንም መሸከም አለበት።

መልስ፦ ከቨርጂኒያ

የእናንተን ነገር ሳነብ እኛ አሜሪካ ያለነው በአንድ በኩል የተሻልን መሆናችን ይሰማኛል። እዚህ ዕጩን የሚመርጠው በአብዛኛው ተራው መራጭ በቅድመ ምርጫ ነው፤ የፓርቲው ሹማምንት የማይወዱት ሰው ቢያሸንፍ መቀበል እንጂ መሰረዝ አይችሉም። በ2018 አሌክሳንድሪያ ኦካሲዮ ኮርቴዝ በኒው ዮርክ አንጋፋውን ጆ ክራውሊን ያሸነፉት፣ በ2025ም ዞህራን ማምዳኒ አንድሩ ኩዎሞን ቀድመው የዴሞክራቶች የከንቲባ ዕጩ የሆኑት በዚሁ መንገድ ነው።

ሆኖም በር የሚዘጋ ኮሚቴ በሌለበት ገንዘብ በሩን ይዘጋዋል። በ2024 ጀማል ቦውማን በቅድመ ምርጫ ሲሸነፉ እስራኤልን ከሚደግፈው አይፓክ ከተባለ የአሜሪካ ቡድን ጋር የተሳሰረ አንድ የዘመቻ ድርጅት ብቻውን ከ14 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥቶባቸዋል። በዚያው ዓመት ፕሬዚዳንት ባይደን ጁላይ 21 ቀን ከውድድሩ ሲወጡ፣ ቅድመ ምርጫው አልቆ ስለነበር ካማላ ሃሪስ በጉባኤ ልዑካን ድምፅ ብቻ ዕጩ ሆኑ፤ በዚህ የተቀየሙ የፓርቲው ደጋፊዎች ጥቂት አልነበሩም። ስለዚህ የእኛን ሥርዓት እንዳለ ውሰዱት አልልም።

መልስ፦ የሊድሱ

ከቀደሙት ሁለቱ በጥቂቱ እለያለሁ። አንድ የምርጫ ክልል አብዛኛውን ጊዜ 70 ሺህ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ መራጭ ይዞ፣ ለዕጩ መምረጫ ስብሰባ የሚመጣው ግን ብዙውን ጊዜ አንድ አዳራሽ የማይሞላ ሰው ነው፤ ያ ጉባኤ የሕዝቡ ድምፅ ነው ማለት ይከብደኛል። ማዕከሉ ዕጩዎችን የሚያጣራበት ምክንያትም አለው። በፌብሩዋሪ 2024 በሮችዴል የማሟያ ምርጫ በአባላት የተመረጡት የሌበር ዕጩ አዝሃር አሊ ሐማስ በእስራኤል ላይ ስላደረሰው የኦክቶበር 7 ጥቃት የተናገሩት በድምፅ ተቀርጾ ሲወጣ፣ ፓርቲው ድጋፉን ነሣቸው፤ የምዝገባው ጊዜ አልፎ ስለነበር ግን ስማቸው ከድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ አልወጣም። ወንበሩን ጆርጅ ጋሎዌይ ወሰዱት።

ይሁን እንጂ ማጣራት ሌላ፣ መጫን ሌላ ነው። በ2024 በባዝልደንና ቢለሪኬይ፣ በጊዜው የወግ አጥባቂዎቹ ሊቀ መንበር የነበሩት ሪቻርድ ሆልደን ለአካባቢው አባላት ብቸኛ አማራጭ ሆነው ቀረቡ፤ አባላቱ በይፋ ተቆጡ፤ ሆልደንም ያሸነፉት በ20 ድምፅ ብቻ ነበር። እርስዎን ያጋጠመዎም ይኸው ስለሆነ፣ ካርድዎን ከመመለስ ይልቅ ትኩረትዎን ቀን መቁጠሪያው ላይ ያድርጉ። «ጊዜ የለም» የሚለው ምክንያት የሚሠራው ምርጫው እስኪታወጅ ድረስ የዕጩ መረጣው ሳይጀመር ሲቀር ነው። የምርጫ ክልልዎ አባላት መረጣው ቀደም ብሎ እንዲከፈት አሁኑኑ የውሳኔ ሐሳብ ያጽድቁ፤ ለዓመታዊው ጉባኤ የሚላከውን ልዑክም በዚሁ ጉዳይ ላይ ባለው አቋም ይምረጡ። በመረጣው ለመሳተፍ አባልነት ከተወሰነ ቀን በፊት መጀመር ስላለበት፣ ዛሬ የሚወጡ ከሆነ ነገ ተመልሰው ቢገቡም ያቺን አንድ ድምፅዎን ያጧታል።

ጠያቂ፦ ሰሜን ለንደን

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሊድሱ ወንድሜ፣ አዳራሽ አይሞላም ያሉት እውነት ነው፤ ነገር ግን በኢሜይል የወሰነው ኮሚቴ ከዚያም ያነሰ ነበር። የቀን መቁጠሪያው ምክር ገብቶኛል፤ በሚቀጥለው ወርኃዊ ስብሰባ የማቀርበውን የውሳኔ ሐሳብ መጻፍ ጀምሬያለሁ። በራሪ ወረቀቱን በተመለከተ ግን፣ የዕጩ መረጣው ቀን በጽሑፍ እስኪታወቅ ድረስ ለአካባቢ ምክር ቤት አባሎቻችን እንጂ ለሌላ ለማንም እንደማላድል ለጸሐፊው ነግሬያቸዋለሁ። ነገረ ሕግ ደግሞ አንድ ነገር ቢያብራሩልኝ፦ ለፓርቲው ይፋዊ ዕጩ አለመቀስቀስ ብቻውን፣ ለሌላ ሳይቀሰቅሱ፣ በደንቡ ያስቀጣልን?

መልስ፦ ነገረ ሕግ፣ በርሚንግሃም

እኔ የጠቀስኩት የሌበር ደንብ ለተቃራኒ ዕጩ የሚሰጥን ድጋፍ የሚመለከት ነው፤ ቤቱ የተቀመጠን አባል አይነካም። የእርስዎ ፓርቲ ሌላ ከሆነ የራሱን ደንብ ይመልከቱ። በማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ግን ለግል ዕጩ በጎ የሚመስል ነገር እንዳይጽፉ ይጠንቀቁ፤ ክሱ የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ከዚያ ነው።