እናቴ ከኮሮና ዘመን ወዲህ እንደድሮዋ አልሆነችም። ሐዘን ነው ወይስ ድብርት?

የከዚራ_ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዳዋ ነው የምኖረው። ስለ እናቴ ልጠይቃችሁ ነው፤ ትንሽ ይረዝማልና ታገሱኝ።

አባቴ የምድር ባቡር ጡረተኛ ነበር። ግንቦት 2012 አረፈ። የገደለው ስኳር ነው፣ ኮሮና አይደለም። ጊዜው ግን የኮሮና ነበር። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ መጋቢት 30 ከወጣ ገና ሁለት ወር አልሞላውም፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ክልክል ነው። ድንኳን አልተተከለም። እድሩ ወንበሩንም ድስቱንም ሳያወጣ ገንዘቡን በፖስታ አድርጎ በር ላይ ሰጠን። አብረውት የሠሩ ሽማግሌዎች በየዛፉ ጥላ ተራርቀው ቆመው፣ ሬሳው ሲያልፍ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ወንድሜ ከጅቡቲ መጥቶ ለይቶ ማቆያ ገባ። እዚሁ ድሬ ውስጥ እያለ የአባቱን ቀብር አላየም።

በሠልስቱ እማዬ ስኒዎቹን ሁሉ አውጥታ አጠበች፤ 24 ስኒ። ሰው ይመጣል ብላ ነው። ውላ ውላ ማታ መልሳ ደረደረቻቸው። ያን ቀን አላለቀሰችም፤ እስከ ዛሬም ስታለቅስ አላየኋትም።

ከዚያ ወዲህ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ትነቃለች፤ እስኪነጋ ግቢ ውስጥ ትቀመጣለች። መጀመሪያ ሙቀቱ ነው ብለን ነበር፤ በኅዳርም በታኅሣሥም ያው ነው። ቀፊራ ገበያ ሄዳ ስለ አንድ ኪሎ ቲማቲም ግማሽ ሰዓት የምትከራከር ሴት ዛሬ የቤቱን አስቤዛ ለእኔ ትታዋለች። «ልቤን ያቃጥለኛል፣ ራሴ ውስጥ የሚሄድ ነገር አለ» ትላለች። አንዱ ክሊኒክ ጨጓራ ነው አለን፣ ሌላው ታይፎይድ። መድኃኒቱን ጨረሰች፣ ለውጥ የለም። ዘመዶች ደግሞ «ሐዘን አበዛሽ፣ እግዜርም አይወድም» ይሏታል። ይሄን ሲሏት አንገቷን ትደፋለች፣ እኔን ያመኛል።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። በሽታው እኛ ቤት ጭራሽ አልገባም። እንዲህም ሆኖ ወረርሽኝ ሰውን እንዲህ ሊያደርግ ይችላል? ካለፈ ከስንት ዓመት በኋላ?

ሲስተር_ሐረር

እህቴ፣ እግዜር ያጽናችሁ። የአእምሮ ጤና ነርስ ነኝ፣ ሐረር ነው የምሠራው።

አዎ፣ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገለጸው በወረርሽኙ የመጀመሪያ ዓመት ድብርትና ጭንቀት በዓለም ደረጃ በ25 በመቶ ጨምሯል። ላንሴት የሕክምና መጽሔት ላይ በ2021 እንደ ፈረንጆቹ የወጣው ጥናትም በ2020 ብቻ ከወትሮው በላይ 53 ሚሊዮን ገደማ የድብርት ሕመም እንደተከሰተ ገምቷል። ጭማሪው የከፋው በሽታው በበረታበትና የሰው እንቅስቃሴ በተገታበት አገር ነው፤ ከወንዶች ሴቶች፣ ከትልልቆቹ ወጣቶች ይበልጥ ተጎድተዋል። እንቅስቃሴ መገታቱ ራሱ እንደ አንድ ምክንያት መቆጠሩን ልብ በይ። ቫይረሱ ቤታችሁ ባይገባም ክልከላው ገብቷል።

ከአፍሪካ የተሰበሰበው መረጃ ግን ጥቂት ስለነበር ቁጥሩን እንዳለ አምጥቼ ድሬ ላይ አልለጥፈውም። የእናትሽን ጉዳይ የምናየው በእሳቸው በራሳቸው ነው።

የጻፍሽው ምልክት እኛ ክፍል በየቀኑ የምንሰማው ነው። የእኛ አገር ሰው «አዝኛለሁ» ብሎ አይመጣም፤ «ያቃጥለኛል፣ ይወጋኛል» ብሎ ነው የሚመጣው፣ ለዚህም ነው በጨጓራ መድኃኒት ዓመታት የሚያልፉት። ሐዘን ይመጣል ይሄዳል፤ ሐዘንተኛ በመሀል የልጅ ልጁን አይቶ ፈገግ ይላል። ቀኑን ሙሉ መደበት፣ የሚወዱትን ነገር ሁሉ መተው፣ እንቅልፍና ምግብ ማጣት ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ ግን መታየት አለበት። ደም ማነስ፣ ስኳርና እንቅርትም ተመሳሳይ ነገር ያመጣሉና አብረው ይመርመሩ።

አንድ ነገር ሳትፈሪ ጠይቂያቸው፦ «መኖር አስጠልቶሽ ያውቃል?» መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባባቸውም፤ ያቀልላቸዋል። አዎ ካሉ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ብቻቸውን ሳትተያቸው በዚያው ቀን ሆስፒታል ውሰጃቸው።

ባጃጅ_ሳቢያን

አቦ ሁሉንም ለኮሮና አታሸክሙት። እኔ 2012 ላይ ሥራ ሲቀዘቅዝ ነው የተሰበርኩት፤ የባጃጁ ባለቤት የቀን ሒሳቡን አልቀነሰልኝም። ከዚያ በ2013 ጦርነቱ መጣ፣ ከዚያ የኑሮ ውድነቱ። የትኛው እንደጣለኝ ለይቼ አላውቅም።

የማውቀው ጫቱን ነው። መጀመሪያ ከሰዓት ብቻ ነበር፣ ኋላ ጠዋትም መቃም ጀመርኩ። ምርቃናው ላይ ዓለም የኔ ነው፤ ማታ ሲወርድ ግድግዳ እያየሁ አድራለሁ። ሚስቴ ናት ጎትታ ሐኪም ቤት የወሰደችኝ። ፍሉኦክሰቲን የሚባል የድብርት መድኃኒት ተሰጠኝ፤ አሥር ቀን ውጬ ምንም የለውም ብዬ ጣልኩት። ሁለተኛ ስሄድ ሐኪሙ አስረዳኝ፤ እስከ አራት ሳምንት ታገስ፣ ሲሻልህም በራስህ አታቁም አለኝ። አሁን ሰው ነኝ። እናትሽን ውሰጂያት።

የጀጎል_እናት

ልጄ፣ እኔ የሐረር ሴት ነኝ። እኛ አፎቻ አለን፤ ሰው ሲሞት ሴቶቹ ተሰብስበን ሐዘንተኛዋን ቀናት አንለያትም። በኮሮና ጊዜ የእህቴ ባል ሲሞት በስልክ ብቻ አጽናናናት። ክልከላው ሲነሳ አፎቻችን ተነጋግሮ ሬሳው ትናንት እንደወጣ አድርገን ቤቷ ሄድን። ቁጢ፣ የቡና ቅጠሉ መጠጥ፣ ተፈላ፣ ስለ እሱ ተወራ። እህቴ የዚያን ቀን ነው ያለቀሰችው። ሐኪሙንም አትተዉ፤ ግን የእድራችሁን ሴቶች አነጋግሪ። ዘግይቷል አትበይ።

የከዚራ_ልጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቅድም ያልጻፍኩት አለ። በሠልስቱ ጎረቤቶቻችን መጥተው ነበር፤ ሁለት ሁለት ሆነው። ከበር የመለስኳቸው እኔ ነኝ፤ እማዬ ደም ግፊት አለባት፣ ትሞትብኛለች ብዬ ፈርቼ። እሷ ውስጥ ሆና ሰምታለች።

ትናንት ማታ ሲስተር ያለችውን ጠየቅኳት። «መሞትስ አልፈልግም፤ ግን ቤቱ ሰው የረሳው ቤት ሆነብኝ» አለችኝ። እኔም ስለ በሩ ነገርኳትና ይቅርታ ጠየቅኳት። ብዙ አልተናገረችም፣ እጄን ይዛ ቆየች።

የእድሩን ጸሐፊ አነጋግሬያለሁ፤ የአባዬ ተዝካር በሚውልበት በግንቦት ሴቶቹ ይመጣሉ። ሐኪም ቤት ግን ሐሙስ ነው የምንሄደው። ሲስተር፣ ለምርመራው ባዶ ሆዷን ትሁን?

ሲስተር_ሐረር

ለስኳሩ አዎ። ከማታ 4 ሰዓት በኋላ ምግብም ቡናም አይቅመሱ፤ ውሃ ይችላሉ። የግፊት መድኃኒት ከወሰዱ ማሸጊያውን ይዘሽ ሂጂ፣ ሐኪሙ ማየት አለበት። ክፍሉ ውስጥም ለብቻቸው ሐኪሙን የሚያናግሩበት ጊዜ ስጫቸው።